ከእማዬ ጀርባ የተሰቀለው

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

እታለም፣ የኔ ሆድ፣

ልብስ ሰፊዋን ከድንቡሼ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ስታዪያት ክው እንደምትዪ አውቃለሁ። አትደንግጪ ብልሽ ውሸቴን ነው፤ እኔ ራሴ ደንግጬ ነው የምጽፍልሽ። እሷን ግን አትፍሪያት። ብቻዋን ነው የመጣችው፣ ስልኳንም ቤቷ ትታ። እንዴት እንዳገኘችሽ እነግርሻለሁ፤ ሁሉንም እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ልጅሽን ይዘሽ ቤት ግቢ፣ በሩን ቆልፊ፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። መሃል ላይ ተናደሽ እንዳትቀጅው። የሚያናድድሽ ነገር ያለው መሃል ላይ ነው፣ የሚጠቅምሽ ደግሞ መጨረሻው ላይ።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያው ያማታል፤ መድኃኒቷን ግን አላቋረጠችም። እኔም ደህና ነኝ። እህል አልወርድ ብሎኛል እንጂ ጤናዬስ ደህና ነው።

የምጽፍልሽ ከልብስ ሰፊዋ ቤት፣ ደንበኛ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱ የሻከረብሽ የልብስ ልክ የምታወጣበት ወረቀት ስለሆነ ነው። ቀሚስ ላስጠብብ የመጣሁ መስዬ ገባሁ። እሱ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጫማ መሸጫው ጥላ ሥር፣ ሞተር ብስክሌቱን አስደግፎ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ባቆመች ቁጥር በመስኮት ታይና "አለ" ትለኛለች። መኪናዋ ሲጮኽ እጽፋለሁ፣ ዝም ሲል እስክሪብቶዬም ዝም ይላል።

አዎ፣ እሱ ነው፣ የድንቡሼ አባት። ስሙን አልጽፈውም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። የምሠራበት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ በየዓመቱ የቴክኖሎጂ ግንዛቤ ቀን ያዘጋጃል። አዳራሽ ይከፈታል፣ ሰው ይጋበዛል፣ ስለ ስልክና ስለ ኢንተርኔት አጭበርባሪዎች ትምህርት ይሰጣል። ሰው እንዲመጣ ገጻችን ላይ የሚለጠፉትን ምስሎች የምሠራው እኔ ነኝ። ዘንድሮ "ሰባት ቀን ቀረው፣ ስድስት ቀን ቀረው" እያለ የሚቆጥር ሰባት ካርድ ታዘዝኩ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፎቶ፣ አንድ ምክር፣ ከሥሩ ቀኑና ቦታው። የመጀመሪያው "የይለፍ ቃልዎን የልጅዎን የልደት ቀን አያድርጉ" ይላል። ሁለተኛው "የማያውቁትን ሊንክ አይንኩ"። ሦስተኛው ሎተሪ ደረሰዎ እያሉ ስለሚደውሉት ነው። አራተኛውን ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

የአምናው ሥራዬ ሰማያዊ ሮቦት ከሰው ጋር ሲጨባበጥ ነበር፤ ሃላፊያችን እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ዘንድሮ ሮቦት ካየሁ ሥራ እለቃለሁ አሉ። የውጭ አገር ሰው ጥርሱን የሚያሳይበት ፎቶም አልፈልግም፣ የኛን ሰው አምጪ፣ እናት የሆነች፣ ስልክ የያዘች፣ ደስ ያላት ሴት አሉ። ከየት ላምጣ? የግቢያችንን ጽዳት ሠራተኛ ብለምናት እኔን በየሰው ስልክ ልታዞሪኝ ነው ብላኝ መጥረጊያዋን ይዛ ሄደች። የሰፈሩም እናቶች ያው ናቸው። ቀኑ ሲያጥረኝ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የእማዬ ፎቶ ትዝ አለኝ።

የትኛው ፎቶ እንደሆነ አሁን ገብቶሻል። እማዬ ከአንቺ ዘንድ የተመለሰች ሰሞን ስልኳን ሰጥታኝ ይቺን ትልቅ አድርገሽ አሳጥቢልኝ፣ ግድግዳዬ ላይ ልስቀላት አለችኝ። ስልክ ይዛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዷል፣ የሚያነሳትን ሰው እያየች ከልቧ ትስቃለች። ፎቶው ወደ ጎን ስላዘመመ ያነሳችው ድንቡሼ እንደሆነች ወዲያው ገባኝ። የት ነበርሽ አላልኳትም። እሷም ሐኪም ዘንድ ነበርኩ አለችና ቀሚሷን አስተካከለች። ስትዋሽ ቀሚሷን እንደምታስተካክል፣ እኔም ይህንኑ ከሷ እንደወረስኩ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። "ለሰው እንዳታሳዪ" ብቻ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ሬዲዮ እሺ ስትል እማዬ ማመኗ! አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚህ ቤት የተወራ ሁሉ በዚች ልጅ በኩል ለጎረቤት ይተላለፋል ብሎ ያወጣልኝ ስም አንቺን ሁልጊዜ ያስቅሽ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ። የዛሬ ሁለት ዓመት እሱ የድንቡሼን ጫማ በፌስታል አንጠልጥሎ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው። ጫማዋን ብቻ ላድርስላት አለኝ። ያለቀሰ ሰው ሁሉ የተጸጸተ ይመስለኝ ነበር። የተደበቅሽበትን ሰፈር ነገርኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ክንድሽ ያውቀዋል፤ አልጋ ሥር የገባችው ድንቡሼም ታውቀዋለች። ከሆስፒታል ወጥተሽ ከተማ ስትቀይሪ ለእማዬ "ለእሷ እንዳትነግሪ" ብለሽ መሄድሽን ሰምቻለሁ። ትክክል ነሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ ትክክል መሆንሽ እየከነከነኝ ነው የኖርኩት።

እንግዲህ አራተኛው ካርድ ምን ይላል መሰለሽ? "ፎቶ ከመለጠፍዎ በፊት ከጀርባዎ ምን እንደሚታይ ያስተውሉ።" ሳቂ ካልሽ ሳቂ፤ እኔ አልቻልኩም። መጀመሪያ የእማዬን ጀርባ አደብዝዤው ነበር። አስቤበት እንዳይመስልሽ፤ ፊቷ ጎልቶ እንዲወጣልኝ ነው። ሃላፊያችን አዩትና "አንቺ ልጅ፣ ከጀርባ ያለውን አስተውሉ ብለሽ ጽፈሽ ጀርባውን አጥፍተሽዋል። ሰው ምኑን ያስተውል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ድብዝዙን አነሳሁት። ከእማዬ በስተቀኝ፣ በሩ ላይ ከተመታ ሚስማር የተሰቀለ ቡናማ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ምን እንደሆነ አላየሁም፣ ቀለሙን ነው ያየሁት። ከርዕሱ ቢጫ ጋር እንዴት እንደተስማማ አትጠይቂኝ። ያ ጥግ ባዶ ሆኖብኝ ስቸገር ስለነበር ተገላገልኩ አልኩ። እንዲያውም እዚያው አጠገቡ አጉሊ መነጽር ሣልኩበት።

ዐሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ሰው የማያየውን አያለሁ ብዬ ነበር የምኮራው። በሁለት ፊደል መካከል ያለች ክፍተት፣ ትንሽ የዛነፈች መስመር ከሩቅ ትታየኛለች። የድንቡሼን ዩኒፎርም ግን አላየሁም።

ያለፈው ማክሰኞ ለጠፍነው። የሦስቱ ካርዶች ላይክ ተደምሮ የእማዬን አያክልም። "እናቴን ትመስላለች" የሚለው ኮሜንት ብቻ ስንት ነበር! ደስ አለኝ፣ ልዋሽሽ አልችልም። ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየሁ፣ ታክሲ ውስጥ ከጎኔ ለተቀመጠች ሴት ሳይቀር እናቴ ናት ብዬ አሳየሁ።

ረቡዕ ጧት ቢሮ ገብቼ ገጹን ስከፍት አንድ አዲስ ኮሜንት አለ። "እማማ እንዴት አምሮባቸዋል። ቤቱም ደስ ይላል። የማን ቤት ነው?" ይላል። የጻፈው ሰው የራሱን ፎቶ አላደረገም፤ ያደረገው በፋሻ የተጠቀለለ ስልክ ሥዕል ነው። ያንን ሥዕል የሣልኩት እኔ ነኝ፣ ስልክ መጠገኛውን የከፈተ ጊዜ፣ አማቼ ነው ብዬ በነጻ። ካርዱን ያኔውኑ አጠፋሁት፣ ግን አንድ ቀን ሙሉ ቆይቷል፤ ስንት ሰው ሼር እንዳደረገው መቁጠር እንኳ አልቻልኩም።

ከዚያ ስልኬ ላይ አስቀርቼው የነበረውን አወጣሁና ጣቴ እስኪያልበው ድረስ አጎላሁት። ቡናማ ቀዩ ዩኒፎርም መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። አርማም አለው። ግን ፎቶ ገጽ ላይ ሲወጣ ስለሚጨመቅ አርማው ጭቃ የነካ ጣት ያረፈበት ነው የሚመስለው፣ አንድም ፊደል አይነበብም። ተመስገን አልኩ፣ ወንበሬ ላይ ተዘረርኩ። ሃላፊያችን መጥተው ካርዱን ለምን አጠፋሽው ብለው ተቆጡ። የቀለም ስህተት አገኘሁበት አልኳቸው። አፈርኩ እታለም፤ ሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ጥፋት አጠፋሁ ብሎ ለመናገር አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ማለት ባለብኝ ቦታ ሳወራ ኖሬ፣ መናገር ባለብኝ በዚያች ቀን ዝም አልኩ።

ልብስ ሰፊዋ አሁን "ውሃ ገዛ፣ ተመልሶ ቆመ" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ የዝግጅቱ ዕለት፣ ጧት ከታክሲ ወርጄ ወደ አዳራሹ ቀና ስል እማዬ በሩ አናት ላይ ተሰቅላለች። ባነር ሆናለች፣ ወርዷ አራት ሜትር። ሃላፊያችን ማክሰኞ ዕለት ሰው እንዴት እንደወደዳት አይተው፣ ሊያስደስቱኝ ብለው፣ ሳይነግሩኝ ማተሚያ ቤቱን ያችን አራተኛዋን ባነር አድርጋት ብለው አዘውት ኖሯል። ማተሚያ ቤቱ ዘንድ ደግሞ የሰባቱም ትልቁ ፋይል ነበር። ሰኞ ዕለት እኔው ነኝ የላክሁለት። ገጽ ላይ የሚጨመቀው ባነር ላይ አይጨመቅም። የዩኒፎርሙ የደረት ኪስ አርማ ሰሃን ያህላል። በዙሪያው የትምህርት ቤቱ ስም፣ ከሥሩ የከተማው ስም፣ የተሰፋበት ክር ሳይቀር ይቆጠራል። የኔ አጉሊ መነጽር አጠገቡ ሆኖ እዚህ ተመልከቱ ይላል።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፣ ደስታ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የት እንደምታድሪ የማላውቅ ሰው የከተማሽን ስም አነበብኩ። ድንቡሼ ትምህርት ገብታለች አልኩ ለራሴ፣ ቀይ ዩኒፎርም ትለብሳለች፣ ማታ ማታ እናቷ በሩ ላይ ትሰቅልላታለች። እንባዬ መጣ። ከዚያ እሱንም የጠራሁት እኔው መሆኔ ትዝ አለኝ። በካርዱ ሥር "ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ በማሠልጠኛው አዳራሽ፣ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል" ብዬ በወፍራሙ ጽፌያለሁ።

ጥበቃውን አውርድልኝ አልኩት። ያለ ትእዛዝ አላወርድም አለኝ፣ ደግሞ ልክ ነው። እንግዶች እየገቡ ነው፣ ሃላፊያችን የክብር እንግዳውን ይዘው በሩ ጋ ደርሰዋል። በዚህ መሃል የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሄልሜቱን እያወለቀ ነው። ስልኩ እጁ ላይ ነበር። ወደ ላይ አይቶ እንደሆነ አላወቅሁም፣ እስከ ዛሬም አላወቅሁም። እኔ የመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ የወረቀት መቁረጫ ቢላዬን ከቦርሳዬ አወጣሁና ገመዱን ቆረጥኩት። ያ ሁሉ እማዬ በሃላፊያችንና በክብር እንግዳው ራስ ላይ ወረደ። ሌላ ቀን ቢሆን ዓመት የሚያስቅ ነገር ነበር።

ወርጄ መጠቅለል ስጀምር ከወዲያኛው ጫፍ አንድ እጅ አነሳልኝ።

"ላግዝሽ" አለኝ።

የያዘው በዩኒፎርሙ በኩል ያለውን ጫፍ ነው። ጨርቁ መሬት ላይ ተገልብጦ ስለወደቀ አርማው ከታች ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢያገላብጠው አለቀ። ምን ላድርግ? ሄጄ አርማው ላይ ቁጭ አልኩበት። አቧራው ላይ፣ በነጭ ቀሚሴ፣ ያ ሁሉ እንግዳ እያየኝ። ጎንበስ ብሎ አየኝ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ቀስ ሲል እንዴት እንደሚያስፈራ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ምነው፣ አመመሽ?"

"አዞረኝ" አልኩት።

"እማማ አምሮባቸዋል። ፎቶውን ማን አነሳው?"

"እኔ ነኛ።"

"አንቺ ብታነሺው አያዘምም ነበር" አለኝ።

ጥበቃው ደርሶ ክንዴን ይዞ ባያነሳኝ እዚያው ተቀምጬ የምቀር ይመስለኛል። ባነሩን ሁለታችን ተሸክመን ዕቃ ቤት አስገባነው። ለሃላፊያችን ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ስል "ድብዝዙን አንሺ ያልኩሽ እኮ እኔ ነኝ" ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ማተሚያ ቤቱ ድረስ አብረውኝ ሄደው ፋይሉ ሲጠፋ ቆመው አዩ። ባነሩን ለኔ ሰጡኝ፣ ልብስ ሰፊዋ ትናንት በመቀሷ ብጥስጥሱን አወጣችው። አርማውን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። የእማዬን ፊት ግን መቀሱ እምቢ አለኝ ብላ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።

እሱ ከእሑድ ጀምሮ ይከተለኛል። ዳቦ ልገዛ ስወጣ አለ፣ ቢሮ ስገባ አለ። አያናግረኝም። ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ሳመለክት ምን አደረገሽ አሉኝ። ይቆማል አልኳቸው። መንገድ ላይ መቆም ወንጀል አይደለም አሉኝ። ስመለስ ከጣቢያው በር ማዶ ቆሟል። አንዳንዴ አርማውን ቢያነብ ኖሮ እኔን ምን ብሎ ይከተላል እላለሁ፤ ይህ ትንሽ ያጽናናኛል። አንዳንዴ ደግሞ ስልኩ እጁ ላይ እንደነበር ትዝ ይለኛል፣ ምናልባት ግማሹን አንብቦ ግማሹን ከኔ እየጠበቀ ይሆናል እላለሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

እማዬን እንዴት እንደማገኝሽ ጠየቅኳት። የሆነውን ስነግራት አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንቺ ነሽ በወሩ መጀመሪያ ከተለያየ ስልክ የምትደውይላት፣ ያ ደግሞ ገና ዐሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል። ቤትሽንም አታውቀው፤ ከመናኸሪያ ተቀብለሽ ወስደሽ መልሰሽ አሳፈርሻት። ወደ ትምህርት ቤቱ ልደውል አልኩና ፈራሁ። ስልኬን ስንት ጊዜ ከፍቶ እንደጠገነው አስቢው፤ ከዚያ ስልክ የሚወጣ ነገር የኔ ብቻ ይሁን የእሱም አላውቅም። ለዚህ ነው ስለ ቴክኖሎጂ ሰባት ካርድ የሠራች እህትሽ በልብስ ልክ ወረቀት ላይ በእጇ የምትጽፍልሽ።

ልብስ ሰፊዋን የመረጥኳት ድንቡሼን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለምታውቃት ነው። የያዘችው የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ ነው። በመውጫ ሰዓት በሩ ላይ ቁሚ፣ ያቺን ጉንጫም ልጅ ስታዪ እጇን የያዘችውን ሴት ተከተዪ አልኳት። አሁን ይህን እያነበብሽ ከሆነ እሱ ብቻ በቅቷታል ማለት ነው። ለእሷ የበቃት ለእሱም ይበቃዋል፣ እታለም። ሌላ ማስረጃ አትፈልጊ፤ ማስረጃው በእጅሽ የያዝሽው ወረቀት ነው።

ስለዚህ ተነሽ። ነገ ከነገ ወዲያ አትበዪ። ኪራይ ከፍያለሁ፣ ወሩ ይሙላ አትበዪ። ትምህርት ቤቱን ስለ ልጅቱ ለሚጠይቅ ሰው ምንም እንዳይመልሱ ንገሪያቸው። ዩኒፎርሙን እዚያው ተዪው። ልጅቷ ብታለቅስ አክስትሽ የተሻለ ትሰፋልሻለች በያት፣ ቢያንስ ቀለም አውቃለሁ።

ጊዜ እንድታገኚ የምችለውን አድርጌያለሁ። ልብስ ሰፊዋ ነገ ጧት የጨርቅ ቦርሳዋን ይዛ ወደ አንቺ ስትሳፈር፣ በዚያው ሰዓት እኔ በተቃራኒው አቅጣጫ እሳፈራለሁ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ። ትኬት ቆርጫለሁ። ለጫማ ሻጩ፣ ለባለ ሱቁ፣ ለፀጉር ሠሪዋ፣ እህቴ ዘንድ ልሄድ ነው፣ አደራ ለሰው እንዳትናገሩ ብዬ አስምዬ ነግሬያቸዋለሁ። የልጅ ጫማ ገዝቼ በሚያሳይ ፌስታል አንጠልጥዬ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ትናንት ባለ ሱቁ ከእሱ ጋር ቆሞ ሲያወራ ልብስ ሰፊዋ አይታዋለች። ዛሬ ጧት ሞተሩን ነዳጅ ሲሞላ ነበር። አባዬ ስሙን ሲያወጣልኝ አንድ ቀን ሥራ ይሠራል ብሎ አልጠረጠረም።

መንገዱ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል ይላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ከአውቶቡሱ ኋላ ሞተር ካየሁ ደስ ይለኛል፤ ካንቺ እየራቀ ነውና። እዚያ ስደርስ ምን እንደማደርግ አስቤበታለሁ። ሰው የሚበዛበት ቦታ እውላለሁ፣ የሚቆለፍ ክፍል እከራያለሁ፣ ጥቂት ቀን ቆይቼ እመለሳለሁ። ለእማዬ የሥራ ጉዞ ነው ብያታለሁ።

የምትሄጂበትን ለእኔ እንዳትነግሪኝ። ለእማዬም ለጊዜው አትንገሪያት። ማንም ቢጠይቀኝ፣ እንዴትም አድርጎ ቢጠይቀኝ፣ አላውቅም ስለው እውነቴን መሆን አለበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር እንደ ቅጣት ነበር የቆጠርኩት። አሁን ይህን ብቻ ነው የምለምንሽ።

የምትገቢበት ቤት የሰላም ቤት ይሁንልሽ። በርሽን የሚያንኳኳ ሁሉ የሚወድሽ ይሁን። ድንቡሼ ጮክ ብላ የምትስቅበት ሰፈር ይግጠማችሁ፤ እንደ እኔ ለፍላፊ ብትሆን እንኳ ደግ ጆሮ ይስጣት። ክንድሽ ብርድ ሲነካው እንዳያምሽ። ያጠፋሁብሽን ከቻልሽ ይቅር በይኝ፤ ካልቻልሽም ለድንቡሼ በክፉ አታንሺኝ።

ስለ እኔ አትጨነቂ። እኔ ምንም አልሆንም።

ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ "ቀሚስሽን ምን ሆነሽ ነው ደጋግመሽ የምታስተካክይው?" አለችኝ። ልኩ አልሆን ብሎኝ ነው አልኳት።

የአባዬ ልጅ፣ ያንቺው ሬዲዮ